ለልጅ የተነገረ መርዶ

ተሻለች በማለዳ የሰው በር አታንኳኳም። ጨው ቢያልቅባት፣ ክብሪት ቢጠፋባት፣ ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ደጅ ደጁን ማለት እስኪጀምር ትጠብቃለች። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቀን ተሳስታ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ጨው ልትለምን ጎረቤቷን አንኳኳች። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ የተሻለችን ፊት ስታይ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር። ወንድሟ ምንም አልሆነም፤ አዳማ ተቀምጦ ቁርሱን እየበላ ነበር። እሷን አረጋግቶ ወንድሟን በስልክ ማገናኘት ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ጨዉም ተረሳ።

ሰፈሩ ይህን እስከ ዛሬ እያነሳ ይስቃል። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ የሚጠብቁ ጎልማሶች "ተሻለች በጠዋት ከመጣችብህ በጓሮ በኩል ማምለጥ ነው" ይባባላሉ። እሷም ስትሰማ "ጓሮህንም አውቀዋለሁ" ብላ ታልፋቸዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈሩ እድር ውስጥ መርዶ የምትናገረው እሷ ናት። የሾማት የለም። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አንዲት ባልቴት ልጇ በመኪና አደጋ ሞተና ሽማግሌዎቹ ሊያረዷት ሄዱ። ተሰብስበው ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት አወሩ፤ አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ባልቴቷ ከፊታቸው ላይ እያነበበች ቁጭ ባለችበት በጭንቀት አለቀች። ተሻለች ያኔ ውኃ ልታቀብል የገባች ጎረቤት ነበረች። ጣሳውን አስቀመጠች፣ ከሴትዮዋ ፊት ተንበረከከች፣ ሁለት እጇን ይዛ "ልጅሽ ሞቷል" አለቻት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ባልቴቷ ኋላ ላይ "እነዚያ ሁሉ ወንዶች ሲያሰቃዩኝ፣ ያዘነችልኝ እሷ ብቻ ናት" ብላ አወራችላት። ከዚያ በኋላ እድሩ ሰው ሲሞትበት መጀመሪያ ወደ ተሻለች ቤት ይልክ ጀመር።

ሥራውን እንደ ማንኛውም ሥራ ለመደችው። መርዶ በማለዳ ነው፤ የቤቱ ሰው ሳይበተን፣ ቁርስ ሳይቀመስ። ብቻዋን አትሄድም። ስትገባ ዓይኗ ቤቱን ይዞራል። እሳት ካለ ታስጠፋለች፣ ቢላዋ ካለ ገለል ታደርጋለች፣ ሴትዮዋ ሕፃን ታቅፋ ከሆነ ትቀበላታለች። ከዚያ ዝቅ ብላ ትቀመጥና የሟቹን ስም ጠርታ "ሞተ" ትላለች። "ታሟል" አትልም፤ "በጣም ደክሟል" አትልም። "በ'ታሟል' ያጽናናሽው ሰው በማግስቱ እንደገና ይሞትበታል" ትላለች ሲጠይቋት።

ከሁሉ በፊት ግን ልጆቹን ታስወጣለች። "እነዚህን ልጆች ወደ ጎረቤት ውሰዱልኝ" ካለች መርዶው ሊነገር ነው ማለት ነው። ልጆቹ ዳቦ ተሰጥቷቸው፣ እጃቸው ተይዞ ይሄዳሉ። ያ ዳቦ ካለቀ በኋላ ምን እንደሚሆኑ፣ ሲመለሱ ቤቱን እንዴት እንደሚያገኙት፣ ማን ምን እንደሚላቸው ተሻለች በነዚያ ሁሉ ዓመታት ጠይቃ አታውቅም። ልጅ ልጅ ነው፤ ይረሳል፤ እንዲህ ነበር የምታስበው።

ባለፈው ኅዳር የራሷ ልጅ መሲ ሞተች።

መሲ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ነበረች፤ ባሏ ግሩም በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ የሰባት ዓመት ልጇን ራዕይን ይዛ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ራሴን አመመኝ አለች። ራዕይን ጠርታ ከታች ካለው መድኃኒት ቤት ኪኒን እንድታመጣላት ላከቻት። ልጅቷ ሳትመለስ መሲ ከአልጋው ጠርዝ ወደቀች። ጎረቤቷ ሰዓዳ መኪና ያለው ሰው ጠርታ፣ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። በማግስቱ እሑድ አረፈች።

ራዕይን ቅዳሜውኑ የአባቷ እህት ወደ አስኮ ወሰደቻት። ድንኳኑ ተተከለ፤ ድንኳኑ ተነሳ። ልጅቷ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ በሩ ላይ አያቷን አገኘች።

"እማማ፣ ማሚስ?"

ስንቱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች "ሞተ" ያለች ሴት፣ አፏ ውስጥ ያገኘችው ቃል ሌላ ሆነ።

"ዓረብ አገር ሄደች" አለች። "ለሥራ።"

ከየት አመጣችው ቢባል ከጎረቤት ነው። የሰዓዳ ልጅ ሃፊዛ ጅዳ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ከየሁለት ከየሦስት ቤቱ አንድ ሰው ዓረብ አገር አለ፤ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው፣ ሰው የሚሄድበትና የማይታይበት አገር እሱ ነው። ቃሉ ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቃት። ራዕይም አመነች።

ውሸት ግን እንደ ሕፃን ነው፤ አንድ ጊዜ ከወለዱት ሌት ተቀን አስታሙኝ ይላል። ተሻለች ከሏን ቤት ውስጥ መልበስ አልቻለችም። ጥቁር ቀሚሷን ሰዓዳ ሱቅ ውስጥ፣ ከሳሙና ካርቶኖቹ ጀርባ ሰቀለችው፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እዚያ ትለብሳለች፣ ስትመለስ እዚያ ታወልቃለች። የመሲን አርባ አስኮ አወጡት። ሰዓዳ የልጅ ልጇን ኢክላስን፣ የራዕይን የልብ ጓደኛ፣ አፏን እንድትይዝ ቆንጥጣ አስጠነቀቀቻት። የግቢው ልጆች በሙሉ በየእናቶቻቸው ተቆንጥጠዋል። ማልቀሻ ቦታ እንኳ ጠፋ። ተሻለች ልቧ ሲሞላ ታክሲ ይዛ አየር ጤና ትሄዳለች፤ ጉዳይ የላትም፤ መስኮቱ ጥግ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ አውርዳ፣ እያለቀሰች ሄዳ እያለቀሰች ትመለሳለች።

ራዕይ በበኩሏ ጥሩ ልጅ ሆነች። ከመጠን በላይ ጥሩ። ካልሲዋን ራሷ ታጥባለች፤ ሱቅ ሲልኳት እየሮጠች ሄዳ እየሮጠች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ትመለሳለች። ሰው ሁሉ "ምን ያለች የተባረከች ልጅ ናት" ይላል። ተሻለች ግን ታያታለች። አንድ ቀን ለስኳር ተልካ ስትመለስ ጉልበቷ ደምቶ ነበር፤ ወድቃ ተነስታ መሮጧን አላቆመችም። "ማን አባሮሽ ነው?" ብትላት "ማንም" አለች። ማታ ማታ የደብተር ቦርሳዋን ትራስጌዋ አድርጋ ነው የምትተኛው።

ሚያዝያ ገባ። ሃፊዛ ከጅዳ የምትደውለው ዓርብ ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ፊቷን እያሳየች። ኢክላስ ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እናቷን ታወራለች፤ ራዕይ ሁልጊዜ ከጎኗ ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። ያን ዕለት ተሻለች የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ወደ ሰዓዳ ቤት ስትገባ፣ ኢክላስ ውኃ ልትጠጣ ተነስታ ነበር፤ ራዕይ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛለች። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታለች።

"እትዬ ሃፊዛ፣ ማሚን አይተሻት ታውቂያለሽ?"

ሃፊዛ ታውቃለች። ሰፈሩ የሚያውቀውን ሁሉ ጅዳ ሆና ታውቃለች።

"የኔ ቆንጆ፣ እዚህ አገር እኮ በጣም ሰፊ ነው" አለች።

"አውቃለሁ። አባዬም ነግሮኛል። ግን ምናልባት ካየሻት ኪኒኑን ይዣለሁ በይልኝ። አልጠፋም።"

"የምን ኪኒን ነው ራዕይዬ?"

"የላከችኝ። መንገድ ላይ እነ ኢክላስ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አገኘኋቸው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የዘለልኩት። ሦስት ጊዜ። ስመለስ ሄዳለች። ተቆጥታ ነው የማትደውልልኝ። አሁን ሲልኩኝ እየሮጥኩ ነው የምመለሰው፣ እማማን ጠይቂያት በያት። እሺ?"

ሃፊዛ ስልኩን አዙራው ኖሮ በመስታወቱ ላይ የሚታየው ነጭ ጣሪያ ብቻ ነበር። ኢክላስ ብርጭቆዋን እንደያዘች በጓዳው በር ቆማ ምንጣፉን ታያለች።

"እትዬ ሃፊዛ? ተቆረጠ መሰለኝ" አለች ራዕይ። ስልኩን ቀስ ብላ መልሳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

ተሻለች ወንፊቱን እንደያዘች ወጣች። እግሯ ሱቁ ድረስ ወሰዳት።

ሰዓዳ ባንኮኒው ኋላ ነበረች። ሁለቱ ጎረቤት ከሆኑ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዷ ስትጾም ሌላዋ ስትፈታ፣ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ስታርስ። ተሻለች የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። ሰዓዳ እስክትጨርስ ጠበቀች።

"ተሼ፣ አንድ ነገር ልበልሽ አትቀየሚኝም?"

"ተቀይሜሽ የት እሄዳለሁ።"

"ለሰው ሁሉ መርዶ ነጋሪ ነሽ። ለገዛ ቤትሽ ግን የዓረብ አገር ደላላ ሆንሽ።"

ተሻለች በሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። "ትንሽ እስክታድግ ብዬ ነው" አለች።

"ስታድግ ነገሩም አብሮ ያድጋል። እኔ አባቴ ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ አጎቴ እጄን ይዞ አስገባኝና ፊቱን አሳየኝ። 'ይሄ አባትሽ ነው፣ ሞቷል፣ ወደ ፈጣሪው ሄዷል፣ ዱዓ አድርጊለት' አለኝ።"

"አልፈራሽም?"

"ፈራሁ እንጂ። ለብዙ ጊዜ በሕልሜ እየመጣብኝ አለቅስ ነበር። ግን አባቴ ለምን ጥሎኝ ሄደ ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። የሄደበትን አውቃለኋ።"

ተሻለች ከካርቶኖቹ ጀርባ የተሰቀለውን ከሏን አየችው። "የራስን ደም መርዶ አይናገሩም" አለች።

"ማን ነው ያለው?"

"እኔ።"

"እንግዲያው የምትሽሪውም አንቺ ነሽ" አለች ሰዓዳ።

በማግስቱ ተሻለች ወደ እድሩ ሰብሳቢ ወደ አቶ ወንድይፍራው ቤት ሄደች። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ነገር ሲጀምሩ ከሥሩ ነው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሰሟት።

"ለሰባት ዓመት ልጅ መርዶ?" አሉ። "ወይዘሮ ተሻለች፣ ይህ እድር ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።"

"እኔም አልሰማሁም።"

"ልጅ እኮ ይረሳል።"

"እኔም እንዲያ እል ነበር ጋሼ። አምስት ወር ሙሉ ኪኒን ይዛ ዞራለች።"

አቶ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አወለቁ። "ታዲያ እርስዎ አያቷ አይደሉ? ቤት ውስጥ፣ ቀስ ብለው፣ በጨዋታ መሐል ቢነግሯት አይበቃም? እድሩ ምን ቤት ነው?"

"በጨዋታ መሐል የሚነገር ነገር አይደለም። ደግሞ ብቻዬን ብነግራት አታምነኝም፤ አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ። እናቷ ስትሞት ሰው ሁሉ ለኔ መጣ። ለሷ ማንም አልመጣላትም። የሞተችው እኮ የሷም ናት።"

"በደንባችን ላይ ለሕፃናት የሚል አንቀጽ..."

"ደንቡ ላይ 'ለቤተሰብ' ይላል እንጂ ዕድሜ አይልም" አለች ተሻለች። ፊደል የቆጠረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር መጀመሪያ ያነበበችውም ያንን የእድር ደንብ ነበር፤ አሥር ቀን ፈጅቶባታል።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ "በስንት ሰዓት ነው?" ብለው ጠየቁ።

"በአሥራ ሁለት። እንደ ሰው ሁሉ።"

ለግሩም ደወለችለት። አዋሽ ላይ ነበር። ያሰበችውን ስትነግረው መኪናውን ዳር አቆመ። "እማማ፣ እኔ ፊቷን እያየሁ አልችልም" አለ።

"አንተ አትናገርም። ትቀመጣለህ ብቻ።"

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት፣ ራዕይ ዓይኗን አሻሽታ ከመኝታ ክፍሉ ስትወጣ ሳሎኑ ውስጥ ሰው አገኘች። አቶ ወንድይፍራው ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሰዓዳ ከጎናቸው አለች። አባቷ ግድግዳውን ተደግፎ እጆቹን ያያል። ተሻለች ጥቁር ለብሳለች።

ተሻለች እንደ ልማዷ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። እሳት የለም። ቢላዋው ጓዳ ነው። ቀጥሎ ዓይኗ የሚወጡትን ልጆች ፈለገ፤ ያለችው አንድ ልጅ ናት፤ እሷም የመጡላት ናት። በርጩማውን ስባ፣ ከልጅቷ ጋር ፊት ለፊት፣ ዓይንና ዓይን የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተቀመጠች። ትንንሾቹን እጆች ያዘች።

"ራዕይ፣ እነዚህ ሰዎች የመጡት ላንቺ ነው። የምነግርሽ ነገር አለ። ማሚ ሞታለች።"

ልጅቷ አላለቀሰችም። ጥቁሩን ቀሚስ አየችው፤ አባቷን አየችው፤ ተመልሳ አያቷን አየቻት።

"ዓረብ አገር ነው የሞተችው?"

"አይደለም። ዓረብ አገር አልሄደችም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። የሞተችው እዚህ ነው፣ ሆስፒታል።"

"መቼ?"

"በኅዳር። ራሷን ባመማት በማግስቱ፣ እሑድ።"

ራዕይ አሰበች። "እሑድ አስኮ ነበርኩ" አለች። "ፊልም ሳይ ነበር። በጣም ስቄ ነበር።"

"አታውቂም ነበር እኮ የኔ ልጅ።"

"አንቺ ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"አባዬስ? እትዬ ሰዓዳስ?" በየተራ እያየቻቸው ነው። "ኢክላስስ?"

"ኢክላስም ታውቃለች" አለች ሰዓዳ። "እንዳትናገር ቆንጥጬ ያስፈራራኋት እኔ ነኝ። በኔ ፍረጂ፣ በሷ አትፍረጂ።"

"እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው" አለች ራዕይ። እጇን ከአያቷ እጅ አወጣች። ወደ መኝታ ክፍሉ ተመልሳ ገባች። ሰዎቹ ተያዩ። ሰብሳቢው ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰዓዳ በክርኗ ነካ አደረገቻቸው።

ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን ይዛ መጣች። ከታች፣ ከእርሳስ መያዣዋ ውስጥ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ፈታችው። አንድ ረድፍ ኪኒን ነው፤ አንዱም አልተነካም። አያቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄን ብትውጠው ኖሮስ?"

በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ተሻለችን እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ትልልቅ ሰዎች ይጮኻሉ፣ መሬት ላይ ይወድቃሉ፣ ፈጣሪን ይጠይቃሉ። ይሄ ጥያቄ ግን የቀረበው ለእሷ ነው፤ መልሱም በእሷ እጅ ነው።

"ይሄ የራስ ምታት ኪኒን ነው" አለች። "የማሚ በሽታ ራስ ምታት አልነበረም። ራሷ ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነው። ሐኪሞቹ በመርፌም በመሣሪያም ሞክረው አልቻሉም። እየሮጥሽ ብትመጪም ትሞት ነበር። ጭራሽ ባትጫወቺም ትሞት ነበር።"

"እውነት?"

"እውነት ነው።"

"እንደ ዓረብ አገሩ ነው እውነት?"

ልጅቷ እየተሳለቀች አይደለም፤ የምር ነው የምትጠይቀው። አምስት ወር የተመገበችው ቃል ከዚያው ከአያቷ አፍ ነው የወጣው፤ ይሄኛውን ከዚያኛው በምን ትለየው?

ግሩም ከግድግዳው ተነሳ። መጥቶ መሬቱ ላይ፣ ከልጁ እግር ሥር ተቀመጠ።

"ሐኪሙ ሲናገር እኔ እዚያ ነበርኩ" አለ። "ሌሊቱን ስነዳ አድሬ ደረስኩ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። 'ኪኒን ቢሰጣት ይሻላት ነበር ወይ?' ብዬ እኔም ጠይቄዋለሁ ራዕይ። እኔም ያንን ነው የጠየቅኩት። 'አይሻላትም ነበር፣ ማንም ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር' አለኝ።"

"አንተም ጠየቅከው?"

"ጠየቅኩት።"

ፊቱን ይዞ አለቀሰ። ራዕይ አባቷ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ጥቂት አየችው። እጇን ራሱ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ያ አምስት ወር ሲሮጥ የኖረ ትንሽ ሰውነት አባቷ ላይ ወደቀ። ጩኸቷ ግቢውን ሞላው። ተሻለች "እሽ፣ ዝም በይ" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶባት ዋጠችው።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤቶች መጡ። እየመጡ ያሉት ለማን እንደሆነ ተነግሯቸው ነበር። እየገቡ፣ ዝቅ እያሉ፣ የልጅቷን እጅ እየያዙ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት። ሰዓዳ "አላህ ሶብሩን ይስጥሽ" አለቻት። ራዕይ በልቅሶ ባበጠ ዓይን ወደ አቶ ወንድይፍራው ዞረች።

"ምን ነው የምለው?"

"'አሜን' ትያለሽ የኔ ልጅ። ሌላ ምንም አይጠበቅብሽም" አሉ፤ እሳቸውም ለአንድ ጊዜ በአጭሩ።

ሦስት ቀን ተቀመጡላት። ድንኳን አልተተከለም፤ ወንበር ግን ከእድሩ መጣ። መሲን የሚያውቁ ሁሉ ስለ መሲ አወሩላት። ኢክላስ በሁለተኛው ቀን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ብነግርሽ አያቴ ምላሴን ትቆርጠው ነበር" አለች።

"አትቆርጠውም።"

"አንቺ ቁንጥጫዋን አታውቂውም።"

ራዕይ ቆየት ብላ ወንበሯ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

አያቷን ግን ቶሎ አልማረቻትም። ሁለት ቀን አላናገረቻትም፤ ከዚያ በኋላ የምትለውን ሁሉ ማረጋገጥ ያዘች። "ዳቦ አለ" ስትላት ሄዳ ከፍታ ታያለች። "ነገ ትምህርት የለም" ስትላት ኢክላስን ትጠይቃለች። ኪኒኑን እንኳ መድኃኒት ቤት ወስዳ "ይሄ ለምንድን ነው?" ብላ ጠይቃለች። ተሻለች አልተቆጣችም። ከሏን ቤት ውስጥ ትለብሳለች፤ ማልቀስ ሲመጣባት ሳሎኑ ውስጥ ታለቅሳለች፤ ልጅቷ አንዳንዴ መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ አንዳንዴ ደጅ ትወጣለች። መሮጡን ግን ትታለች። ሱቅ ስትላክ ቆይታ፣ ጫማዋን አቧራ አስመስላ ትመጣለች፤ ሰዓዳም "ያቺ የተባረከች ልጅ የት ገባች?" እያለች ትቀልድባታለች።

በግንቦት መጨረሻ አንድ እሑድ ሁለቱ፣ ራዕይ ቦርሳዋን እንዳነገተች፣ ወደ መሲ መቃብር ሄዱ። ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ተሻለች ትንፋሽ አጠራትና ድንጋይ ላይ አረፍ አለች። ራዕይ ፊቷን በትኩረት አየቻት።

"እማማ፣ አንቺም ትሞቻለሽ?"

"አዎ" አለች ተሻለች። "መቼ እንደሆነ አላውቅም። አሁን አላመመኝም፤ ዳገቱ ነው። ግን አንድ ቀን እሞታለሁ።"

ራዕይ ይህን አላጣራችም። "ያኔ ማን ይነግረኛል?" አለች።

"ማን እንዲነግርሽ ትፈልጊያለሽ?"

ልጅቷ በጣቷ ቆጠረች። "አባዬ አይችልም፣ ያለቅሳል። ጋሼ ወንድይፍራው እስኪጨርሱ ይመሻል። እትዬ ሰዓዳ ትንገረኝ።"

"እሺ፣ እነግራታለሁ።"

"አሁን ንገሪያት። እኔም ልስማ።"

ተነሱና ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄዱ። ሰዓዳ ሩዝ እየመዘነች ነበር። ተሻለች ነገሩን ሳታሳጥር ሳታስረዝም ነገረቻት። ሰዓዳ እጇን በጨርቅ ጠራርጋ ባንኮኒው ላይ አጎነበሰችና ልጅቷን በዓይኗ ለካቻት።

"እሺ፣ ቃሌ ነው" አለች። "ግን እኔም አሮጊት ነኝ እኮ። ከአያትሽ ቀድሜ ብሞትስ?"

ራዕይ ይሄን አላሰበችበትም ነበር። ደጅ ወደምትጫወተው ወደ ኢክላስ አየች፤ ኢክላስ በአንድ እግሯ እየዘለለች በአቧራው ላይ የተሰመረውን ትቆጥራለች።

"ያኔ ለኢክላስ እኔ እነግራታለሁ" አለች።

ሰዓዳ ሩዙን መመዘን ቀጠለች፤ ራዕይ ቦርሳዋን አያቷን አስይዛ ወደ ጨዋታው ወጣች።